የሠራተኛን ሕግ ስለሚያፈርስ አሠሪ መቀጫ

የቅጥረኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባበት እንዲከፈል ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ ማዘዙን የማያውቅ የተማረ ሰው የለም። ትእዛዙ ግልጥ ነው፤ የሚከብደው ግን አሠሪው ሳይከፍል ፀሐይ የገባ እንደ ሆነ ደኃው ወደ ማን እንደሚሄድ፥ ባለጸጋውንም ማን እንደሚያስገድደው ማወቅ ነው። በአሜሪካ አገር የካሊፎርንያ ግዛት ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ ከሌሎቹ የተለየ ስለ ሆነ፥ ሕግ ለማስፈጸም የተሾሙ ሁሉ ሊመረምሩት የሚገባ ነገር ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ካሊፎርንያ አስቀድሞም ቢሆን የሠራተኛ ሕግ የጐደላት ግዛት አልነበረችም። በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው የትርፍ ሰዓት ዋጋ እንዲጨመርለት፥ ከአምስት ሰዓት በላይ ለሚሠራም የ30 ደቂቃ የምግብ ጊዜ እንዲሰጠው፥ ደመወዝም በታወቀ ቀን እንዲከፈል ታዝዟል። ይህን ያፈረሰ አሠሪ በአንዳንዱ ጥፋት እንደ ወንጀለኛ ይከሰሳል፤ በብዙው ግን የሚያገኘው የፍትሐ ብሔር መቀጫ ነው። ይህ መቀጫ እስራት የለበትም፤ ማስረጃውም እንደ ወንጀል ነገር አይጠብቅም፤ ነገር ግን ኪስን ይነካል። ለምሳሌ ደመወዝ በጊዜው ያልከፈለ አሠሪ መጀመሪያ ላጠፋው በእያንዳንዱ ሠራተኛ 100 ዶላር ይቀጣል፤ ደግሞ ቢያጠፋ ወይም ዐውቆ ቢያደርገው 200 ዶላርና ከያዘው ገንዘብ አንድ አራተኛ ይከፍላል።

ችግሩ ይህን መቀጫ የሚጠይቀው የመንግሥቱ የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ብቻ መሆኑ ነበር። ሠራተኛው በየዓመቱ ሲበዛ የተቆጣጣሪው ቍጥር አልተከተለውም። በ2001 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሎስ አንጀለስ ከተማ ያሉትን የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች መርምሮ፥ ከ33,000 የሚበልጥ ከባድ የደመወዝ ሕግ ጥሰት እንዳለ ገመተ፤ ካሊፎርንያ ግን በግዛቲቱ ሁሉ፥ በማናቸውም የሥራ ዐይነት፥ ስለ ደመወዝ የምትጽፈው የቅጣት ትእዛዝ በዓመት መቶ አይሞላም ነበር። መቀጫ በመጽሐፍ ተጽፎ ሰብሳቢ ያጣ እንደ ሆነ፥ የሚፈራው አስቀድሞም ሊያጠፋ የማይፈልገው ቅን አሠሪ ብቻ ነው፤ ዐመፀኛው ግን የሠራተኛውን ገንዘብ ይዞ ዕቃውን ከቅኑ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል።

በ2003 ግዛቲቱ ገንዘብ ስለ ጐደላት ተቆጣጣሪ ለመጨመር አልቻለችም። በዚያን ጊዜ ጆሴፍ ደን የተባሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል አንድ ሕግ አቀረቡ፤ ሐሳቡም ሠራተኛው ራሱ በመንግሥት እግር ገብቶ መቀጫውን በዳኛ ፊት ይጠይቅ የሚል ነው። አገረ ገዥው ግሬይ ዴቪስ በጥቅምት 7 ቀን ሕዝቡ በድምፅ ከሹመታቸው ከሻራቸው በኋላ፥ ገና ሥልጣናቸውን ሳያስረክቡ፥ በጥቅምት 12 ቀን ፈረሙበት። ሕጉም በጥር 1 ቀን 2004 ጸና። ነገሩ ለአሜሪካ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ አብርሃም ሊንከን በ1863 መንግሥትን ያታለሉትን ነጋዴዎች ለከሰሰ ሰው ከተገኘው ገንዘብ ድርሻ የሚሰጥ ሕግ አውጥተው ነበርና። የካሊፎርንያው ልዩነት፥ ድርሻው ለከሳሹ ብቻ ሳይሆን ለተበደሉት ባልንጀሮቹ ሁሉ መከፈሉ ነው። ከመቀጫው 75 በመቶው ለመንግሥት፥ 25 በመቶው ለሠራተኞች ሆነ። መቀጫው በሌላ አንቀጽ ላልተወሰነለት ጥፋትም በእያንዳንዱ ሠራተኛ በየደመወዙ ጊዜ 100 ዶላር፥ ለተደጋገመው 200 ዶላር ተደነገገ።

ይህ መቶ ዶላር በአፍ ሲነገር ጥቂት ይመስላል። ዳሩ ግን ኀምሳ ሠራተኞች ያሉት ባለ ሱቅ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፍል ቢሆን፥ በዓመት ሃያ ስድስት የደመወዝ ጊዜ አለበት፤ ሲባዛ 130,000 ዶላር ይሆናል። ዳኛው የማይገባ ሆኖ ሲያገኘው ሊቀንስ ቢችልም፥ አሠሪዎቹ በደመወዝ ወረቀት ላይ በተገኘ የጽሕፈት ስሕተት እንኳ ጠበቆች ያስፈራሩናል፥ ገንዘቡንም የሚበሉት እነርሱ ናቸው እያሉ አቤቱታ አበዙ። በዚህ ውስጥ እውነት አልጠፋበትም። ነገር ግን ከአቤት ባዮቹ መካከል በወረቀት ስሕተት የተያዘውና የሰው ላብ የበላው አብረው ቆመው ነበርና፥ ሁለቱን መለየት ተገባ።

ሌሎችም አሠሪዎች ሠራተኛው ሲቀጠር ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ፥ ለብቻው በግልግል ዳኛ እንዲዳኝ ያስፈርሙት ጀመር። የካሊፎርንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ሠራተኛው በመንግሥት ስም የመክሰስ መብቱን እንዲተው የሚያስገድድ ውል አይጸናም አለ። የአሜሪካ ላዕላይ ፍርድ ቤት በ2022 የሠራተኛውን የግሉን ነገር ለይቶ ወደ ግልግል ሰደደው፤ በ2023 ደግሞ የካሊፎርንያው ፍርድ ቤት፥ የግሉ ነገር ወደ ግልግል ቢሄድም ስለ ባልንጀሮቹ የጀመረው ክስ አይወድቅበትም ሲል ወሰነ።

አሠሪዎቹ ሕጉን ለማስሻር ነገሩን በኅዳር 2024 ለሕዝብ ድምፅ ሊያቀርቡት ተዘጋጅተው ሳለ፥ ከሠራተኞች ማኅበራት ጋራ ታረቁና ሕጉ ተሻሻለ። ክስ ሳይደርስበት አስቀድሞ የደመወዝ መዝገቡን የመረመረ፥ አለቆቹን ያስተማረና ጥፋቱን ያረመ አሠሪ ከመቀጫው ከ15 በመቶ በላይ አይከፍልም፤ ማስታወቂያ ከደረሰው በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ይህንኑ ያደረገ ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ አይከፍልም። የሁለት መቶ ዶላሩም መቀጫ በአምስት ዓመት ውስጥ ተፈርዶበት ሳለ ደግሞ ላጠፋ፥ ወይም በክፋትና በማታለል ላደረገው ሆነ። የሠራተኞቹም ድርሻ ከ25 ወደ 35 በመቶ ከፍ አለ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የተሻለው ነው፤ በደሉ የደረሰው በሠራተኛው ላይ ሳለ ከካሣው ሦስት እጅ መንግሥት መውሰዱ የሚያስገርም ነበርና። አሁንም ቢሆን የሚበልጠው እጅ የመንግሥት ነው።

በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ መንገድ ከተማይቱ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ የሰየመችው ሰፈር አለ። በዚያው ዓመት ካሊፎርንያ ያወጣችው ሌላ ሕግ፥ የግዛቲቱ የሠራተኛ ሕግ ጥበቃ የመኖሪያ ፈቃድ ላለውም ለሌለውም እኩል መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ በዚያ አገር ደመወዙ የተያዘበት ስደተኛ ወረቀት የለኝም ብሎ ዝም እንዲል ሕጉ አያስገድደውም፤ ጽሑፉን በቋንቋው የሚያስረዳው ሰው ማግኘቱ ግን ሌላ ጭንቅ ነው።

አዲሱ ሥርዐት የሚሠራው ማስታወቂያቸው በሰኔ 19 ቀን 2024 ወይም ከዚያ ወዲህ ለመንግሥት ለደረሰላቸው ነው። በአንድ ፋብሪካ በአንድ ጥፋት ተበድለው፥ አንዱ በሰኔ 18፥ ሌላው በሰኔ 19 ያመለከቱ ሁለት ሠራተኞች ቢኖሩ፥ የፊተኛው ነገር በ25 በመቶ፥ የኋለኛው በ35 በመቶ ይታያል።