ተጨማሪ መረጃ፦ ግብ የማይታይበት ጨዋታ

በእንግሊዝ የሚገኘውን ኢተን ኮሌጅ በ1440 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ነው፤ ያኔ የታሰበው ለ70 ድሃ ልጆች ነበር። ዛሬ 1,300 ያህል ወንዶች በአዳሪነት ይማሩበታል፤ ክፍያው ግን፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ላላገኘ፣ የናጠጠ ሀብታም መሆንን ይጠይቃል። ክፍል የሚገቡት ከኋላው ረዘም ያለ ጥቁር ኮት ለብሰው ነው።

ጨዋታ ላይ ሲሆን ያ ሁሉ ወግ ይቀራል። በየዓመቱ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ በውድድር ተመርጠው የገቡት 70ዎቹ ተማሪዎች ከቀሩት ጋር ይጋጠማሉ። ከእያንዳንዱ ወገን 10 ልጆች ረጅም የጡብ ግንብ ሥር ተደራርበው፣ ጭቃ ውስጥ እየተገፋፉ ኳሷን ያንቀሳቅሳሉ። ግቡ በአንድ በኩል የአትክልት ቦታ በር፣ በሌላው በኩል ዛፍ ነው። በዚህ ዓመታዊ ግጥሚያ ለመጨረሻ ጊዜ ግብ የተቆጠረው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው።