የኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃና የአቀናባሪው ስም
(ከላንቴ በኩል ሲታይ)

ላንቴ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፥ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ የምትገኝ የጋሞ ዞን ቀበሌ ናት። የሙዝ እርሻዋ የታወቀ ሲሆን፥ ከእርሷና ከአካባቢዋ የሚነሣው ሙዝ በጭነት መኪና እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይጓዛል። የሚጓዘው ግን ሙዝ ብቻ አይደለም። ሾፌሩ በመኪናው ማጫወቻ ላይ የሚሰካት ፍላሽ፥ ወጣቱ በስልኩ ውስጥ የሚያኖራት ሚሞሪ ካርድ፥ ባጃጁ በድምፅ ማጉያው እያሰማ የሚያልፈው ዘፈን፥ ይህ ሁሉ ድምፅን ከከተማ ወደ ገጠር፥ ከገጠርም ወደ ከተማ ያመላልሳል። በዚህ መንገድ ከሚመላለሰው ድምፅ አንዱ ክፍል በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተቀነባበረው አዲስ የጭፈራ ሙዚቃ ነው።

ስለዚህ ዓይነት ሙዚቃ የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «አዲስ አቀናባሪ እንዴት ይገኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው የጆሮ ጉዳይ ይመስላል፤ ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ጥሩውን ሥራ ከመጥፎው ለይቶ ያወጣዋል ተብሎ ይታሰባልና። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን ከጆሮ ይልቅ የስም ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ዘፈኑ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሶ ሳለ የሠራው ሰው ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል፤ ስሙ ከድምፁ ጋር አብሮ የተጓዘለት ሰው ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በምሳሌ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩፤ ስለ ቃላቱ

በአማርኛ የካሴት ሽፋን ላይ ሦስት ቃላት በተለይ የተለመዱ ነበሩ፤ እነዚህም ግጥም፥ ዜማና ቅንብር ናቸው። ግጥሙን የጻፈው፥ ዜማውን የደረሰው፥ ሙዚቃውን ያቀናበረው እያንዳንዱ በየስሙ ይጻፋል። ዘፋኙ ፎቶግራፉ ከፊት ስለሚወጣ የታወቀ ነው፤ አቀናባሪው ግን በትንንሽ ፊደል ከኋላ ይቀመጣል። በኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃ ይህ ተራ ይገለበጣል። ብዙ ጊዜ ዘፋኝ የለም፤ ቢኖርም ድምፁ ከሌሎቹ ድምፆች እንደ አንዱ ይቆጠራል። የሥራው ባለቤት ሆኖ የሚታወቀው አቀናባሪው ነው። ፈረንጆቹም «ፕሮዲውሰር» ሲሉ ገንዘብ አውጥቶ የሚያሠራውን ሰው ሳይሆን ይህንኑ አቀናባሪ ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው ቃል «አንደርግራውንድ» የሚለው ነው። ቃል በቃል «ከመሬት በታች» ማለት ስለ ሆነ፥ የተደበቀ ወይም የተከለከለ ነገር ያስመስለዋል። ትርጉሙ ግን በትልልቅ አሳታሚዎችና በብሮድካስት ጣቢያዎች በኩል ያላለፈ፥ በትንንሽ ክበብ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ሙዚቃ ማለት ነው። በዚህ ትርጉም ከተወሰደ በገጠር የሚዜመው ዜማ ሁሉ «አንደርግራውንድ» ሊባል ይችላል። ልዩነቱ የገጠሩ ዜማ በጠራራ ፀሐይ፥ በአደባባይ፥ ሕዝብ ሁሉ እያየው የሚዜም መሆኑ ነው።

፪፤ መሣሪያው የሚሠራበት ሥርዓት

የዚህ ሙዚቃ አመጣጥ በአጭሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ «ዌርሃውስ» በተባለው የጭፈራ ቤት ፍራንኪ ናክልስ ከ1977 ጀምሮ ሸክላ ያጫውት ነበር፤ «ሃውስ» የተባለው የሙዚቃ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤት ነው ይባላል። በ1980 የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ቲአር-808 የተባለውን የከበሮ መሣሪያ አወጣ። መሣሪያው ጊዜን በ16 እኩል ደረጃ ይከፍላል፤ አቀናባሪው እያንዳንዱ የከበሮ ድምፅ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዲሰማ እንደሚፈልግ በቁልፍ ያመለክታል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሳይደክምና ሳይሳሳት ያንኑ ይደጋግማል። ዛሬ ይህ ሁሉ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ገብቶአል፤ በስልክም ላይ የሚሠራ ዓይነት አለ።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ይህ ሥርዓት አንድ ችግር ያመጣል። ችክችካ የሚባለው ምት፥ ሌሎችም ብዙ የአገሩ ምቶች፥ በሦስት በሦስት እየተቧደኑ የሚሄዱ ናቸው፤ 16 ግን ለ3 እኩል አይካፈልም። ስለዚህ አቀናባሪው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ወይ ዜማውን ከመሣሪያው ጋር አስተካክሎ ምቱን ያቃናዋል፤ ወይም መሣሪያውን በ12 ደረጃ አስተካክሎ ለዜማው ያስገዛዋል። የሠለጠነ ጆሮ ያለው አድማጭ አዲስ ሥራ ሲሰማ በመጀመሪያ ሊመረምር የሚገባው ይህንን ነው፤ የአቀናባሪው ችሎታ ከዚህ ላይ ይታወቃልና።

ጊዜን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ድምፅ ተራ መስጠት ግን ከመሣሪያው በፊት የነበረ ሥራ ነው። ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ በጊዶሌ አካባቢ የሚኖሩት ደራሼዎች ፊላ የሚባል የቀርከሃ ዋሽንት ጨዋታ አላቸው። ርዝመታቸው የተለያየ ቀርከሃዎች ለብዙ ሰዎች ይታደላሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የያዘው ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ ብቻውን ዜማ ሊያወጣ አይችልም። ዜማው የሚገኘው ሁሉም እየጨፈሩ፥ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል የእምቢልታ ነፊዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄም የደራሼዎች ዋሽንት የሚከተለው የድምፅ መሰላል የምዕራባውያን ጠቢባን እንደ አዲስ ነገር ከያዙት መሰላል ጋር የተዛመደ መሆኑን ደጋግሞ አስረድቶአል።

ከላንቴ በላይ ባለው ደጋ፥ በጨንቻና በዶርዜ፥ የሚገኘው የጋሞ ዘፈን ደግሞ በሰው ድምፅ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። መሪው ያነሣል፤ ሌሎቹ በአንድነት አንድ ዓይነት ዜማ አይመልሱም፤ ይልቁንም ልዩ ልዩ ክፍል ይዘው ድምፃቸውን በድምፅ ላይ ይደራርባሉ። ይህን ዘፈን በ1970ዎቹ ዓመታት ፈረንሳዊው የሙዚቃ ሊቅ በርናር ሎርታ-ዣኮብ ቀርጾ በሸክላ እንዲታተም አድርጎአል። በመስቀል በዓል ሕዝቡ ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ አደባባይ ሲወጣ የሚሰማው እንዲህ ያለው ዘፈን ነው። ወደ አዲስ አበባ የሄዱት ሸማኔዎችም ሽሮ ሜዳ ላይ ይዘውት ኖረዋል፤ ከደጋው ወደ አባያ ቆላ የወረዱት ገበሬዎችም እንደዚሁ።

እንግዲህ በመሣሪያውና በፊላው መካከል ያለው ልዩነት በሥርዓቱ ላይ አይደለም። ልዩነቱ በፊላው ውስጥ እያንዳንዱ ድምፅ በቦታው የቆመ ባለቤት ያለው መሆኑ፥ በመሣሪያው ግን ሁሉም ድምፅ በአንድ ሰው እጅ መግባቱ ነው።

፫፤ የኢትዮጵያ አቀናባሪዎች እንዴት ታወቁ?

በኢትዮጵያውያን ዘንድ የዚህ ሙዚቃ ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው የኃይሉ መርጊያ ሥራ ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረ ሲሆን፥ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ መሣሪያ ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ብቻውን ሠራ። ኋላም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ በመንዳት ይተዳደር ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ ሱቅ አገኘው፤ በሽፋኑ ላይ የሰፈረውን ስም ተከትሎም ባለቤቱን ፈልጎ አገኘ፤ ካሴቱም በ2013 እንደገና ታተመ። ከዚህ በኋላ ኃይሉ በልዩ ልዩ አገሮች መድረክ ላይ ወጥቶአል።

ይህ ታሪክ ስለ ሺምኮቪትዝ ጆሮ የሚነገር ሆኖ ኖሮአል። ነገር ግን ካሴቱ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው ቀድሞ ኢትዮጵያውያን ሰምተው፥ ገዝተው፥ ወድደው ስለ ነበረ ነው። ሌላው ቢቀር፥ በሽፋኑ ላይ ስም ባይኖር ኖሮ ያገኘው ሰው ድምፁን እንጂ ሰውየውን ባላገኘም ነበር።

ከኃይሉ በኋላ የመጡት ወጣቶች በሌላ መንገድ ታወቁ። ሚካኤል ሰይፉ በአሜሪካ በኒው ጀርዚ ራማፖ ኮሌጅ ከሙዚቀኛው ቤን ኒል ተምሮ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እንደገና ሙሉ ደግሞ «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል የመድረክ ስም ይሠራል፤ የሥራውንም ዓይነት «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሰየመው። ሁለቱም የአገሩን የሙዚቃ መሣሪያዎችና የሰው ድምፅ ከኤሌክትሮኒኩ ምት ጋር ያዋሕዳሉ። የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» እና የእንደገና «ቀን ሰው» በ2014፥ እንዲሁም የእንደገና «ሌቱ ሲነጋ» በ2015 የታተሙት በዋሽንግተን ከተማ 1432 አር በተባለ ትንሽ አሳታሚ ሲሆን፥ ከመሥራቾቹ አንዱ የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነው ዳዊት ኤክሉንድ ነው። የሚካኤል «ዘላለም» ደግሞ በ2016 በኒው ዮርኩ አርቪኤንጂ ኢንተርናሽናል ወጣ። ሥራው አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ በአሜሪካ ታተመ፤ ስለ ሥራው የተጻፈውም ትችት አብዛኛው በውጭ ቋንቋ ነበር።

በአንጻሩ ሮፍናን ኑሪ በአዲስ አበባ በዲጄነት ሲሠራ ቆይቶ በ2018 «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም አወጣ። በዚህ አልበም የጭፈራው ምት ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዜማ ጋር ተቀላቅሎአል፤ ሮፍናን ራሱም በአማርኛ ስለሚዘፍን ሥራው በቀላሉ ወደ ሰፊው ሕዝብ ገባ። በእርሱ ሥራ አድማጭ የተገኘው በአገር ውስጥ ነው። ስለዚህ የውጭ አሳታሚ ብቸኛ በር አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ሦስተኛው መንገድ በምሥራቅ አፍሪካ ታይቶአል። በዳሬሰላም ድኻ ሰፈሮች የተወለደውና በደቂቃ ከ200 ምት በላይ የሚሮጠው ሲንጌሊ፥ መጀመሪያ በሰፈር ድግስና ከስልክ ወደ ስልክ በመተላለፍ ተስፋፋ። በ2017 የኡጋንዳው ንዬጌ ንዬጌ ቴፕስ «ሳውንድስ ኦቭ ሲሶ» በሚል ርእስ ሲያሳትመው ወደ አውሮፓ መድረክ ገባ። አሳታሚው ከጎረቤት አገር የመጣ ስለ ነበረ፥ ወጣቶቹን በስማቸውና በሰፈራቸው አስመዝግቦ ነው ያወጣቸው።

፬፤ የሚጠፋው ምንድር ነው?

ካሴት ሽፋን ነበረው። በሚሞሪ ካርድ የሚዘዋወረው ዘፈን ግን ሽፋን የለውም። በየመንገዱ ዳር ባለው ሱቅ ዘፈን የሚያስጭን ወጣት ብዙ መቶ ዘፈን ባንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ «ትራክ 01» ከሚል ቁጥር በስተቀር ሌላ ስም የላቸውም። አንድ የላንቴ ወጣት በስልኩ የራሱን ምት ሠርቶ ለጓደኞቹ ቢልክ፥ ድምፁ በሳምንት ውስጥ ሶዶን አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ የወጣቱ ስም ግን ከመጀመሪያው ስልክ ላያልፍ ይችላል። ስልኩ ሲበላሽ ወይም ካርዱ ሲጠፋ ሥራው ከነሠሪው ይጠፋል።

ሁለተኛው ጉዳት የቅንጣቢ ድምፅ ጉዳይ ነው። አቀናባሪው ከተቀረጸ የጋሞ ዘፈን ላይ አንዲት ቅጽበት ቆርጦ ሲደጋግማት፥ ከብዙ ዘፋኞች መካከል የአንዱን ክፍል ብቻ ነጥሎ መውሰዱ ነው። ያ ክፍል በዱቡሻው ላይ ትርጉም የነበረው ሌላው ሰው ስለ መለሰለት ነው። በሥራው ማስታወቂያ ላይ «የሕዝብ ዜማ» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ሰዎቹ ይቀራሉ፤ ሕዝብ በሚለው ስም ውስጥ ማንም ራሱን ለይቶ አያገኝምና። በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለሥራ አመንጪ፥ ለከዋኝ፥ ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰርና ለብሮድካስት ድርጅት መብት ይሰጣል። በዚህ መብት ለመጠቀም ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሰውየው ማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት።

ቅንጣቢን መጠቀም በራሱ ነቀፌታ የለበትም። አንድ ሰው የሌላውን ዜማ ወስዶ ማደስ በአዝማሪውም ዘንድ የኖረ ልማድ ነው። ነገር ግን አዝማሪው ከአድማጩ ፊት ስለሚቆም ይጠየቃል፤ ዜማውን ያመጣበት አገር ሰው በመካከል ቢገኝ ይመልስለታል። ከሩቅ አገር የሚታተመው ሥራ ይህ ተጠያቂነት የለውም።

፭፤ ለተመራማሪው

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወጣው ቁም ነገር ይህ ነው። አዲስ አቀናባሪ «ተገኘ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ቀድሞ በራሱ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ሰው ስም ወደ ሌላ ክበብ ተሻገረ ማለት ነው። መሻገሩን የሚወስነው ድምፁ ብቻ ሳይሆን ከድምፁ ጋር የተያያዘው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ወደ ላንቴም ሆነ ወደ ጨንቻ የድምፅ መቅረጫ ይዞ የሚሄድ ተማሪ፥ ከዘፈኑ በፊት ስሞቹን መመዝገብ አለበት፤ ማን እንዳነሣ፥ ማን እንደ ተቀበለ፥ እያንዳንዱ የትኛውን ክፍል እንደ ያዘ፥ በምን በዓል፥ በየትኛው ዱቡሻ፥ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተዘፈነ። በስልኩ ምት የሚሠራውንም ወጣት እንደ ቀላል ነገር ሳይቆጥር በዚሁ ሥርዓት ሊመዘግበው ይገባል። ፈቃዳቸውንም ለቀረጻው ብቻ ሳይሆን፥ ኋላ በሌላ ሥራ ውስጥ ለመቆረጡ ጭምር ለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል።

እንዲህ የተመዘገበ ቀረጻ በአቀናባሪ እጅ ሲገባ፥ መሣሪያው ከሚደጋግማት ከአንዲቱ ድምፅ በስተ ኋላ የቆመው ሰው ስሙ ተጽፎ ይገኛል። የድምፁም ዋጋ፥ ገንዘብ ቢሆን ክብር፥ የሚደርስበት አድራሻ ይኖረዋል።