ካንዴላውን ሳታነቡት አትጣሉት

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። መኪናችሁ ጠዋት ሲነሣ ያስላል? መብራት ይዟችሁ ስትቆሙ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል? ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ከመሄድ ይልቅ ያጉረመርማል? ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ልጨምር፤ “ይሄ መኪና ዛሬም ጋራዥ ሊገባ ነው?” የሚለው ነገር በቤታችሁ ስንት ጊዜ ተነሥቷል? በእኛ ቤት ተቆጥሮ አያልቅም።

የእኛ መኪና አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። አንድ ክረምት ላይ መንገታገት ጀመረና ጋራዥ አስገባሁት። ደረሰኙ ላይ “4 ካንዴላ መቀየሪያ” የሚል ነበረበት፤ ከፈልኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሕመም ተመለሰ፤ እንደገና “4 ካንዴላ” ተባለ፤ እንደገና ከፈልኩ። ሦስተኛው ላይ ባለቤቴ፣ “እስቲ ካንዴላ የሚሉትን ነገር አሳየኝ። ሁለት ጊዜ ከፍለንበት መልኩን እንኳ አላውቀውም” አለችኝ። እኔም አላውቀውም ነበር። ይህን ማመን ግን ለአንድ የቤት አባወራ ቀላል አይደለምና ኮፈኑን ከፍቼ ብዙ ነገር በጣቴ አሳየኋት።

በመጨረሻ የካንዴላ መፍቻ ከጎረቤት ተውሰን ፈታነው። የወጣው ካንዴላ ዝገት የበላው፣ ጫፉ የተመናመነ አሮጌ ነገር ነበር። አራቱም እንዲሁ ናቸው። ለዓመታት ማንም አልነካቸውም። ይህን የምነግራችሁ መካኒኮችን ለማማት አይደለም፤ በኋላ ሥራውን ቁጭ ብሎ ያስተማረኝም መካኒክ ነው። ነገር ግን ምን እንደሆነ ለማላውቀው ነገር ስከፍል መኖሬ ያን ቀን ገባኝ።

ካንዴላ የጣሊያንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሻማ ነው። ስሙ ይስማማዋል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ የነዳጅና የአየር ድብልቅ ከታመቀ በኋላ የሚያቀጣጥለው እሱ ነውና። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ቦቢናው ያንን ወደ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል፤ ይህ ኃይል በካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማትርቅ ክፍተት ሲዘል ብልጭታ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ ይጭራል። ታዲያ ጫፉ ቢመናመን ምን ይገርማል? ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ብልጭታው ይሰንፋል፤ አንዳንዱ ድብልቅ ሳይቃጠል በማርሚታው በኩል ይወጣል። የገዛችሁት ቤንዚን ማለት ነው።

መኪናችሁ በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም፤ ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ዕረፉ። እኛ ግን መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ አሮጌዋን መኪናችንን እንደ ላም መንከባከብ ይዘናል።

መጀመሪያ ግዢው። አሮጌውን ካንዴላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ነጩ ሸክላ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም በወረቀት ያዙ። “ይሄም ይገባል” የሚላችሁ ሻጭ ሊኖር ይችላል። የጥርሱ ርዝመት ከተለየ ግን ወይ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል ወይ ጫፉ ጉድጓዱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ተራው የኒኬል ካንዴላ እንደ ሞተሩ ከ20,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ የኢሪዲየሙ ረጅም ዕድሜ ያለው ዓይነት እስከ 100,000 ሊደርስ ይችላል። ኢሪዲየም ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ስለሆነ ክፍተቱን እኔ ላስተካክል ብላችሁ አትንኩት። መሬት ላይ የወደቀ ካንዴላ ደግሞ ሸክላው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላልና አትግጠሙት።

አሁን ወደ ሥራው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ። ቅዳሜ ማለዳ፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ ከሁሉ የተሻለ ሰዓት ነው። ቁልፉን ከመኪናው አውጡ። እንደ እኛ ዲኤክስ ያለ መኪና ከሆነ የካንዴላ ገመዶች አሉት፤ ገመዱን ራሱን አትጎትቱ፤ ጫፉ ላይ ያለውን የጎማ ቆብ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ፈተልተል እያደረጋችሁ ሳቡት። እንደ ቪትዝ ያሉት ደግሞ በየካንዴላው ላይ የየራሱ ቦቢና ተቀምጦበታል፤ የኤሌክትሪኩን ሶኬት ነቅሎ አንድ ቡሎን መፍታት ነው። አንዳንዱ ቪትዝ ባለ 3 ሲሊንደር ስለሆነ አራተኛውን ፍለጋ አትድከሙ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትንቀሉ፤ አንዱን ፈትታችሁ፣ ቀይራችሁ፣ ገመዱን መልሳችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። የብዙ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሮች የማቀጣጠል ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፤ ገመድ ከተቀያየረ ሞተሩ ወይ አይነሣም ወይ ይተኩሳል። ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን ያለውን አቧራ በብስክሌት መንፊያ አራግፉ፤ ዓይናችሁን ግን ጠብቁ። አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ያን ቀን የጀመራችሁት ሥራ ሌላ ሥራ ይወልዳል።

አዲሱን ስታስገቡ ነው ጥንቃቄው። መፍቻውን አስቀምጡት። በጣታችሁ ጀምሩ፤ ጣት የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ በካንዴላው ጭራ ላይ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ሰክታችሁ በእሱ አዙሩት። ጥርሱ ተጣሞ ከያዘ ቱቦው ራሱ ይንሸራተትና ያስቆማችኋል፤ መፍቻ ግን አይራራም። በጣት እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ፣ አዲስና ቀለበት ያለው ካንዴላ ከሆነ በመፍቻ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ብቻ አጥብቁት። ቀለበት የሌለውና መቀመጫው ሾጣጣ የሆነው ግን የዙር አንድ አሥራ ስድስተኛ ይበቃዋል። “ለማንኛውም” ብላችሁ ጨምራችሁ አትጫኑ።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስንቀይር እሑድ ጠዋት ነበር፤ ለአምልኮ ልንወጣ 40 ደቂቃ ቀርቶናል። ሞተሩ ገና እንደጋለ ነው፤ ነዳጅ ልቀዳ ሄጄ መመለሴ ነበር። ባለቤቴ በር ላይ ሆና “ሲቀዘቅዝ ይሁን” አለችኝ። “አምስት ደቂቃ ነው!” አልኳት። ሦስተኛውን በመፍቻ ጀመርኩት፤ ጠንከር አለ፤ እኔም ጠንከር አልኩ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ካንዴላው ብረት ነው፤ ሲጋፉ ማን እንደሚሸነፍ ግልጽ ነው። ጥርሱ ተበላ። ያን ቀን በታክሲ ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ ማንም አልተነጋገረም። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት አዲስ ጥርስ ተሠራለት፤ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስቀመጥነው ገንዘብም አብሮ ሄደ። ባለቤቴ “ነግሬህ ነበር” አለማለቷ ከሁሉ ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘልለው ነገር ልምጣ። የወጡትን አሮጌ ካንዴላዎች አትጣሏቸው። ነጭ ወረቀት ዘርግታችሁ፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ጽፋችሁ በተራቸው ደርድሯቸው፤ ቺንጋው ባለበት በኩል ያለው ብዙውን ጊዜ 1ኛው ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር የውስጥ ገመና እዚያ ላይ ተጽፏል። ጫፉ እንደ ደረቅ ብስኩት ቡናማ ከሆነ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። እንደ ምጣድ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል፤ የአየር ፊልትሮውን ተመልከቱ። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል። ጫፉ ነጭና ያበጠ፣ የቀለጠ ነገር ያለበት ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ዝም ብላችሁ አትንዱት። እርጥብና በዘይት የተለወሰ ከሆነ ደግሞ ዘይት ከማይገባበት እየገባ ነው፤ መካኒኮች ፋሻ የሚሉት የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጎማው አርጅቷል።

በእኛ ወረቀት ላይ ሦስቱ ቡናማ ነበሩ። አራተኛው በዘይት ተለውሷል። ያየችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ አዲሶቹን በማድነቅ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሞተር ዘይቱን መለኪያ እያወጣች ታያለች፤ በሦስተኛው ሳምንት ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ አገኘችው። ማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም፤ ጭስም አልታየም። እንዲያው ብንነዳው ኖሮ ሞተሩ ይነክስ ነበር። ፋሻውን ያስቀየርነው በራሳችን ጊዜ፣ ገንዘቡን አዘጋጅተን፣ የቱ ሲሊንደር እንደታመመ ለመካኒኩ በወረቀት አሳይተን ነው። ወረቀቱን ሲያይ ሣቀ፤ ግን በጥንቃቄ አነበበው።

ስትጨርሱ አስነሡትና ሚኒሞ ላይ አድምጡት። ድምፁ ካልተስተካከለ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ያልገባ የጎማ ቆብ ነው፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ሁሉንም ጫን ጫን አድርጉ። ከዚያም ነጭ ፕላስተር ኮፈኑ ሥር ለጥፉና ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉበት። በእኛ ኮፈን ሥር አሁን አምስት መስመር አለ፤ ሦስቱ በእሷ የእጅ ጽሑፍ ነው።