ኽምጥኛ በቤትና በትምህርት ቤት መካከል፦ የዋግ ልሳነ ክልኤነት ከአየርላንድ ልምድ አንጻር

በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ሁለት ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ ሁለቱንም የሚችሉ ሰዎች ብዛት ስለ ቋንቋዎቹ የወደፊት ዕጣ የሚናገረው ጥቂት ነው። ማን የማንን ቋንቋ ይማራል፣ የትኛውስ ቋንቋ በየትኛው ቦታ ይነገራል የሚሉት ጥያቄዎች ይበልጥ ወሳኝ ናቸው። በሰቆጣ፣ በአጎራባቿ በጋዝጊብላና በሌሎቹ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች የሚገናኙት ኽምጥኛና አማርኛ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናሉ። አፉን በኽምጥኛ የፈታ ሰው አማርኛን በገበያ፣ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ይማራል፤ አማርኛ ተናጋሪው ጎረቤቱ ግን ኽምጥኛን እንዲማር የሚያስገድደው ነገር እምብዛም የለም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ ልሳነ ክልኤነት ለኽምጥኛ ያለውን ትርጉም፣ የትምህርት ቤትንም አቅምና ወሰን ይመረምራል።

የቋንቋው ዝምድናና ታሪክ

ኽምጥኛ፣ በብዙ የሥነ ልሳን ጥናቶች ኽምጣንጋ የሚባለው፣ ከማዕከላዊ ኩሽ ወይም ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኅቶቹ አዊኛ፣ ቅማንትኛና በኤርትራ በከረን አካባቢ የሚነገረው ብሊን ናቸው። ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ቋንቋው ጽፏል፤ ዴቪድ አፕልያርድ በ1987 የሰዋስው ንድፉን፣ ክሎኤ ዳርሞን ደግሞ በ2015 ሰፊ የሰዋስው ጥናት አቅርበዋል።

የአገው ቋንቋዎች ከአማርኛ ጋር ያላቸው ግንኙነት እጅግ የቆየ ነው። አማርኛ ከግእዝ በተለየ ሁኔታ ግሥን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ማስቀመጡን ብዙ ምሁራን ከኩሽ፣ በተለይም ከአገው ቋንቋዎች ጋር ካደረገው ረጅም ንክኪ ጋር ያያይዙታል። የንግግርና የጽሕፈት ቋንቋ መለያየትም አዲስ አይደለም። መሠረታቸው አገው የሆነው የዛጔ ነገሥታት የመሬት ስጦታ ሰነዶቻቸውን ያስጻፉት በግእዝ ነበር። ከዚያ ዘመን በኋላም በዋግ የቅዳሴው ቋንቋ ግእዝ፣ የአስተዳደሩ አማርኛ ሆኖ ዘልቋል። ኽምጥኛ ዘመናትን የተሻገረው ያለ መጽሐፍና ያለ መዝገብ፣ በቤተሰብ አፍ ነው።

አራት እኅቶች፣ አራት ዕጣዎች

ከአንድ ግንድ የወጡት አራቱ ቋንቋዎች ዛሬ የሚገኙበት ሁኔታ የተለያየ ነው። ቅማንትኛ በጎንደር ዙሪያና በጭልጋ አካባቢ ለአማርኛ ቦታውን ለቆ፣ የቀሩት ተናጋሪዎቹ ጥቂት አረጋውያን ናቸው። ዘለዓለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት ይህን የቋንቋ መተካካት በዝርዝር አሳይቷል። አዊኛ በአንጻሩ ሰፊ ተናጋሪ ያለውና በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ነው። ብሊን በኤርትራ በላቲን ፊደል ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ተናጋሪዎቹ ከትግረና ከትግርኛ ጋር ይኖራሉ።

ኽምጥኛ በቅማንትኛና በአዊኛ መካከል ይገኛል። በገጠር ሕፃናት ዛሬም ከእናታቸው ይማሩታል፤ በከተማ ግን አማርኛ ያይላል። የቅማንትኛ ታሪክ የሚያስጠነቅቀውም በዚህ ረገድ ነው። ቋንቋ የሚሞተው ተናጋሪዎቹ ሌላ ቋንቋ ስለ ተማሩ ሳይሆን፣ ሁለቱን የሚችሉ ወላጆች ለልጆቻቸው አንዱን ብቻ መናገር ሲጀምሩ ነው።

የአየርላንድ ልምድ

ትምህርት ቤት ይህን ሂደት ሊገታ ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ ከአየርላንድ የበለጠ የተፈተነ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው መንግሥት አይሪሽን በትምህርት ቤቶች ግዴታ አደረገ፤ የ1937ቱ ሕገ መንግሥትም ቀዳሚ ይፋዊ ቋንቋ ብሎ ደነገገው። በ2022 በተካሄደው ቆጠራ 1,873,997 ሰዎች አይሪሽ መናገር እንደሚችሉ ገልጸዋል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገሩት ግን 71,968 ብቻ ነበሩ።

የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ርቀት የትምህርት ቤትን ኃይልም ወሰንም ያሳያል። ትምህርት ቤት ቋንቋ ዐዋቂ ያፈራል፤ የዘወትር ተናጋሪ የሚያፈሩት ግን ቤትና ጎረቤት ናቸው። ዋግ የአየርላንድ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል፤ በቤት የሚናገር ትውልድ አለው፣ በቋንቋው የሚያነብና የሚጽፍ ትውልድ ግን ገና በመፈጠር ላይ ነው። አየርላንድ ያጣችውና በሕግና በገንዘብ መልሳ ለማግኘት የደከመችለት የቤት ቋንቋ በዋግ ገጠር ዛሬም አለ።

ሕግና የመማሪያ ክፍል

የሕግ መሠረቱ ተጥሏል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ፈቀደ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው፣ አንቀጽ 39 ደግሞ ብሔር ብሔረሰቦች በቋንቋቸው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋቸውን የማሳደግ መብት እንዲኖራቸው ደንግጓል። ኽምጥኛም በዚሁ መሠረት ወደ መማሪያ ክፍልና ወደ ክልሉ መገናኛ ብዙኃን ገብቷል።

የጋራ ፊደል ለዋግ ተማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። ኽምጥኛ በግእዝ ፊደል ስለሚጻፍ፣ ሕፃኑ በሚያውቃቸው ቃላት ንባብ ከለየ በኋላ ችሎታውን ወደ አማርኛ ይዞት ይሻገራል። አማርኛ የሌለው፣ በምላስ ሥርና በላንቃ ጀርባ የሚፈጠረው የአፍንጫ ድምፅ እንኳ በአገው ቋንቋዎች አጻጻፍ በ‹ጘ› ሊወከል ይችላል። ፈተናው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ተማሪው ወደ አማርኛ፣ በሁለተኛ ደረጃም ወደ እንግሊዝኛ ይሸጋገራል። ለአማርኛ ተናጋሪው ልጅ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ ሲሆን፣ ለኽምጥኛ ተናጋሪው ሦስተኛ ነው። ሁለቱ ግን ለአንድ ብሔራዊ ፈተና ይቀመጣሉ። የኽምጥኛው መሠረት ሳይጸና ሽግግሩ ከተቻኮለ፣ ወላጅ የልጁን ውድቀት በቋንቋው ያመካኛል፤ በቤትም አማርኛን ብቻ መናገር ይጀምራል። በዚህ መንገድ ደካማ የአፍ መፍቻ ትምህርት ሊጠብቀው የተነሣውን ቋንቋ ራሱ ሊጎዳው ይችላል።

በቅርብ ዓመታት በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ወረዳዎች ብዙ ሰው ወደ ሰቆጣ ተፈናቅሏል። ከገጠር ወደ ከተማ የገባ ቤተሰብ የቋንቋ ልማዱ በአጭር ጊዜ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ሁኔታው አስቸኳይ የጥናት ትኩረት ይሻል።

ለቀጣይ ጥናት

ከዚህ በመነሣት በዋግ የሚካሄድ ጥናት ከተናጋሪዎች ብዛት ይልቅ የአጠቃቀም መስኮችን ቢለካ ይበጃል፦ እናት ለሕፃኗ በምን ቋንቋ ትናገራለች፣ እኅትማማች ልጆች እርስ በርሳቸውስ? በጤና ጣቢያና በፍርድ ሸንጎ ኽምጥኛ የሚናገር ሰው በቋንቋው ይስተናገዳልን? አማርኛ ተናጋሪ መምህርና ሠራተኛ ኽምጥኛን እንዲማር የሚያበረታታ ሥርዓት አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ያነሰ ትኩረት ያገኘ ይመስላል። ልሳነ ክልኤነት ጸንቶ የሚኖረው ሸክሙ በአንዱ ወገን ብቻ ሳይጫን ሲቀር ነውና፣ ኽምጥኛን የሚማር አንድ የጤና ባለሙያ ለቋንቋው የሚያበረክተው ድርሻ ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ የሚያንስ አይሆንም።