አካፋዮቹ ለዘመናት ያልተገኙለት ቁጥር

147,573,952,589,676,412,927 የሚገኘው 67 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከብዜታቸው ላይ 1 ሲቀነስ ነው። ከ2 ርቢ ላይ 1 በመቀነስ የሚገኙ ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴና ሊቅ በማሪን መርሰን ስም ይጠራሉ። መርሰን እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ እስከ 257 ካሉት ርቢዎች መካከል የትኞቹ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር፣ እንደሚሰጡ ሲዘረዝር 67ንም አካትቷል። ዝርዝሩ ግን አምስት ስሕተቶች ነበሩበት፤ 67ና 257 ያለ ቦታቸው ገብተው፣ 61፣ 89ና 107 ደግሞ ተዘልለው ነበር።

የ67 ስሕተት ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ ሳይታረም የቆየው በመርሰን ዝና ምክንያት ብቻ አይመስልም፤ ማረጋገጡ ራሱ እጅግ አድካሚ ነበር። አንድ ቁጥር ውሁድ፣ ማለትም የሌሎች ቁጥሮች ብዜት፣ ከሆነ ቢያንስ አንዱ አካፋዩ ከዳግም ዘሩ አይበልጥም፤ የዚህ ቁጥር ዳግም ዘር ደግሞ ከ12 ቢሊዮን በላይ ስለሆነ፣ አካፋዮችን አንድ በአንድ እየሞከሩ መጨረስ በብዕርና በወረቀት የሚታሰብ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1876 ፈረንሳዊው ኤዷርድ ሉካ አካፋይ ፍለጋውን ጨርሶ ወደ ጎን ትቶ በራሱ መፈተኛ ቁጥሩ ውሁድ መሆኑን አረጋገጠ። ዴሪክ ሌመር በኋላ ባሻሻለው መልኩ መፈተኛው ከ4 ይነሣል፤ ቁጥሩን በራሱ አባዝቶ 2 መቀነስ፣ በውጤቱም ላይ ያንኑ መድገም ነው። ለምሳሌ የ2 ርቢ 5 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 31፣ ሲፈተን 14፣ 194፣ ከዚያም 37,634 ይገኛል፤ የመጨረሻው ለ31 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል 31 ብቸኛ ነው። የድግግሞሹ ብዛት ከርቢው በ2 ያንሳል፤ ስለዚህ ለ67 የሚያስፈልገው 65 ጊዜ ሲሆን፣ በየእርምጃው ቀሪውን ብቻ መያዝ ስለሚበቃ ስሌቱ ከአቅም በላይ አያብጥም። በመጨረሻ ዜሮ ካልቀረ ቁጥሩ ውሁድ ነው። መፈተኛው ግን ከዚህ አልፎ ስለ አካፋዮቹ ማንነት አንዳች አይናገርም፤ የቁጥሩ እውነተኛ እንግዳነትም እዚህ ላይ ነው፤ አካፋዮች መኖራቸው ተረጋግጦ ሳለ ለተጨማሪ 27 ዓመታት ማንም አላገኛቸውም።

ፈላጊን የሚያግዝ አንድ ጠባይ ነበር። ርቢው ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ የርቢው እጥፍ ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፤ ለ8 ሲካፈልም ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ ነው። በ2,047፣ ማለትም በ2 ርቢ 11 ሲቀነስ 1፣ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ አካፋዮቹ 23ና 89 የ22 ብዜት ሲደመር 1 ናቸው። ለ67 እጥፉ 134 በመሆኑ አብዛኞቹ ቁጥሮች ሳይሞከሩ ይወገዳሉ፤ ሆኖም እስከ ትንሹ አካፋይ ድረስ ከ700,000 በላይ እጩዎች ይቀራሉ።

አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል እ.ኤ.አ. በ1903 በኒውዮርክ በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ አካፋዮቹን አቀረበ፤ እነርሱም 193,707,721ና 761,838,257,287 ናቸው። ኤሪክ ቴምፕል ቤል ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ሲጽፍ፣ ኮል አንዲት ቃል ሳይናገር ብዜቱን በሰሌዳ ላይ ሠርቶ እንደተቀመጠና ሥራው የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደወሰደበት ተርኳል። ቤል ታሪክን ማሳመር የሚወድ ጸሐፊ ስለነበር ትረካውን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል፤ ብዜቱን ግን እርሳስ ያለው ሁሉ ሊያረጋግጠው ይችላል።

በማባዛት ቅለትና በመበተን፣ ማለትም አካፋዮችን በማግኘት፣ ክብደት መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ተመራማሪዎቹ ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን እ.ኤ.አ. በ1977 የምስጢር መጠበቂያ አደረጉት፤ ሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው ብዜቱ ለሁሉም ይገለጣል፣ አካፋዮቹ ግን በባለቤቱ ዘንድ ይቀራሉ። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ብዜቶች ለፈተና ከቀረቡት መካከል ባለ 250 አሃዙ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 በበርካታ ኮምፒውተሮች ተበትኗል። በመርሰን ቁጥሮች በኩል ደግሞ 2 ርቢ 1,277 ሲቀነስ 1 የሆነው ባለ 385 አሃዝ ቁጥር በሉካ መፈተኛ ውሁድ መሆኑ ቢታወቅም፣ እስካሁን አንድም አካፋይ አልተገኘለትም።