የማትመርጠው ሞግዚት

ፕሮቲን ሲሠራ ረጅም ክር ሆኖ ይወጣል፤ ተጣጥፎ መልክ ካልያዘ ለሥራ አይበቃም። አንዳንዱ ራሱን ችሎ ይታጠፋል፣ አንዳንዱ እንደ ሕፃን ያዥ ይፈልጋል። በሕዋሳችን ውስጥ ይህን የሞግዚትነት ሥራ ከሚሠሩት አንዷ ኤችኤስፒ 90 ናት። ስሟ የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን ማለት ነው፤ ቤተሰቡ የታወቀው ሙቀት በመታቸው ዝንቦች ላይ ስለሆነ እንደዚያው ቀረ። በደህናው ቀንም ቢሆን ሥራ አትፈታም፤ ከሕዋሱ ፕሮቲን ከመቶ 1 ወይም 2 እጁ እሷ ናት።

ከልጆቿ አስቸጋሪዎቹ ካይኔዞች ናቸው። ካይኔዝ በሌላ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት እየለጠፈ የሚቀሰቅስ ወይም የሚያስተኛ ኤንዛይም ነው። ተቀባይ ካይኔዞች ደግሞ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ግማሽ አካላቸው በደጅ፣ ግማሹ በውስጥ ሆኖ ይቆማሉ፤ “እደግ፣ ተባዛ” የሚለውን መልእክት ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ኸር 2 ከነሱ አንዱ ነው። ከ100 የጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ከመጠን በላይ ስለሚበዛ መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል።

ካይኔዙን ወደ ሞግዚቷ የሚያደርሰው ሲዲሲ 37 የተባለ አጃቢ ነው። እሷም ጥንድ ሆና፣ ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ ስታገኝ እንደ ወረንጦ ትገጥማለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስል ሲዲኬ 4 የተባለውን ካይኔዝ (ተቀባይ አይደለም፣ ዘመዳቸው ነው) በእቅፏ አሳየ። ሁለት ወገኑ ተላቆ፣ መካከሉ በጥንዶቹ መሃል እንደ መርፌ ክር ሾልኮ ነበር። ታጥፈዋለች ያልናት ሞግዚት የያዘችው ተፈትቶ ነው!

የልጁን ጠባይ ግን አትመረምርም። እንዲያውም ብልሹው ይብስበታል፦ ኢጂኤፍአር የተባለው ተቀባይ ካይኔዝ ጤነኛ ከሆነ አንዴ ካደገ በኋላ እምብዛም አይፈልጋትም፤ በሳንባ ካንሰር የሚገኘው የተለወጠው ወንድሙ ግን ያለ እሷ አይዘልቅም።

ጄልዳናማይሲን ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው። ካይኔዝን በቀጥታ የሚመታ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ተመራማሪዎቹ ዊትሰልና ኔከርስ የሚይዘው ሞግዚቷን መሆኑን አሳዩ። ሞግዚቷ ስትታሰር ኸር 2 ቺፕ በተባለ ኤንዛይም የመጣያ ምልክት ይለጠፍበትና በሰዓታት ውስጥ ፕሮቲን ፈጪው ፕሮቲያዞም ይጨርሰዋል። ጄልዳናማይሲን መድኃኒት እንዳይሆን ግን ጉበት ይጎዳል። ሕዋሱም ዝም አይልም፤ ሌሎች ሞግዚቶችን በብዛት ማምረት ይጀምራል።

ከብዙ ሙከራ በኋላ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2022 ሞግዚቷን የሚያስረውን ፒሚቴስፒብ የተባለ መድኃኒት ፈቀደች፤ ኪት የተባለው ተቀባይ ካይኔዝ ብዙ ጊዜ ለሚያቀጣጥለው የጨጓራና አንጀት ዕጢ ነው። ጤነኛውም ሕዋስ ያችኑ ሞግዚት ይፈልጋታልና ተቅማጥ ብዙ ጊዜ አይቀርም። በሽተኛው መድኃኒቱን 5 ቀን ይውጣል፣ 2 ቀን ያርፋል።