በአንድ ሰርቨር ላይ አሮጌና አዲስ ስሪት፦ የፕሮግራም ማስኬጃዎችን በትዕዛዝ መስመር የማስተዳደር አሠራር

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 525 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ሐረር ሁለት ከተሞችን በአንድ ስም አቅፋ የያዘች ከተማ ናት። በግንብ የታጠረው የጁገል ጥንታዊ ከተማ 48 ሄክታር በሚሆን ስፍራ ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ከግንቡ ውጪ ደግሞ ሰፋፊ ጎዳናዎችና መሥሪያ ቤቶች ያሉት አዲሱ ከተማ ተዘርግቷል። አዲሱ ሲስፋፋ አሮጌው አልፈረሰም፤ እንዲያውም ጁገል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አሮጌውን ሳያፈርሱ አዲሱን የመገንባት ጥያቄ በመሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ክፍሎችም ዘወትር ይነሳል። ልዩነቱ በኮምፒውተር ዓለም አሮጌው እንደ ቅርስ ለዘለዓለም የሚጠበቅ አለመሆኑ ነው። የሚጠበቀው ተተኪው ተፈትኖ ሥራውን እስኪረከብ ድረስ ብቻ ነው።

እንደሚታወቀው አንድ ሠራተኛ መረጃ የሚሞላበት የኮምፒውተር ቅጽ ብቻውን አይሠራም። ከበስተጀርባው ፕሮግራሙን ለማሽኑ እየተረጎመ የሚያስኬድ ሌላ ሶፍትዌር አለ። ጃቫ፣ ፓይተን፣ ፒኤችፒና ኖድ በዚህ ረገድ በስፋት የሚታወቁ የፕሮግራም ማስኬጃዎች ናቸው። እነዚህ ማስኬጃዎች በየጊዜው አዳዲስ ስሪት ይወጣላቸዋል። ለአንዱ ስሪት የተጻፈ ፕሮግራም ግን በሌላው ላይ ያለ እንከን ይሠራል ተብሎ አይታሰብም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የጤናው ዘርፍ ነው። የጤና ሚኒስቴር በሀገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተሰኘው የጤና መረጃ ሥርዓት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማ ሲሆን፣ የሚሠራውም በጃቫ ላይ ነው። የሐረሪ ክልልን ጨምሮ በሀገሪቱ ከሚገኙ የጤና ተቋማት የሚሰበሰበው ወርሃዊ አሃዝ በዚሁ ሥርዓት አማካይነት ወደ ላይ ይተላለፋል። ሥርዓቱ እስከ 40ኛው ስሪቱ ድረስ በጃቫ 11 ሊሠራ ይችል ነበር፤ ከ41ኛው ጀምሮ ግን ቢያንስ ጃቫ 17ን ይጠይቃል። ጃቫ 11 በመስከረም 2011 ዓ.ም፣ ጃቫ 17 ደግሞ በመስከረም 2014 ዓ.ም የወጡ ናቸው።

ችግሩ የሚከሰተው በአንድ ሰርቨር ላይ ከአንድ በላይ ፕሮግራም ሲኖር ነው። ለምሳሌ አንድ መሥሪያ ቤት አዲሱን ሥርዓት ለመትከል ሲል ጃቫ 17ን አስገብቶ የቀድሞውን ቢያጠፋው፣ በዚያው ሰርቨር በጃቫ 8 ይሠራ የነበረ የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም በማግስቱ ላይነሳ ይችላል። ማሻሻያውን መተውም መፍትሔ አይሆንም። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 የሚቆጠር በመሆኑ፣ ከ20ኛው ቀን ማግስት የሚደረግ ያልታሰበበት ለውጥ የሪፖርት ወቅቱን እንዳለ ሊያሰናክል ይችላል።

መፍትሔው ስሪቶቹን በየራሳቸው ማኅደር ለይቶ ማስቀመጥና የትኛው ፕሮግራም የትኛውን እንደሚጠቀም በግልጽ መወሰን ነው። ይህም በአብዛኛው የሚከናወነው በትዕዛዝ መስመር፣ ማለትም መዳፊት ሳያስፈልግ ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ኮምፒውተሩ አንድን ትዕዛዝ እንዴት እንደሚፈልግ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለሙያው «ፓይተን» ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ የፍለጋ መንገድ ወይም ፓዝ የሚባለውን የማኅደሮች ዝርዝር በቅደም ተከተል ይመለከታል፤ በዚያ ስም መጀመሪያ ያገኘውንም ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ያሉትን አያይም። ወደ ጁገል በአምስቱ ጥንታዊ በሮች መግባት ይቻላል፤ ከሸዋ በር በኩል የመጣ ሰው ግን ኤረር በርን ሳያይ ይገባል። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የተጻፈው በር ሁልጊዜ ያሸንፋል።

የስሪት አስተዳዳሪ የሚባሉት መሣሪያዎች ሥራቸው ይህንን ቅደም ተከተል መቆጣጠር ነው። ለኖድ ኤንቪኤም፣ ለፓይተን ፓይኤንቭ፣ ለሩቢ አርቢኤንቭ፣ ለጃቫ ደግሞ ኤስዲኬማን በስፋት ይታወቃሉ። ኤንቪኤም የተመረጠውን ስሪት ማኅደር በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል። ፓይኤንቭና አርቢኤንቭ በበኩላቸው በዝርዝሩ ራስ ላይ እንደ በር ጠባቂ የሚያገለግሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን አኑረው፣ ትዕዛዝ በተሰጠ ቁጥር ወደ ትክክለኛው ስሪት ይመሩታል።

ምርጫው በሦስት ደረጃ ሊሰጥ ይችላል። የመጀመሪያው ለተከፈተው መስኮት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ መስኮቱ ሲዘጋ ያበቃል። ሁለተኛው ለአንድ የሥራ ማኅደር የሚሰጥ ነው። በፓይኤንቭ አሠራር የስሪቱ ቁጥር በማኅደሩ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ፋይል ይጻፋል፤ መሣሪያውም ፋይሏን ራሱ ያነባል። ሦስተኛው ሌላ ምርጫ ባልተሰጠበት ሁሉ የሚሠራ አጠቃላይ ምርጫ ነው። ጠባቡ ምርጫ ሰፊውን ይሽራል። በኤንቪኤም ግን ፋይሏ ብትኖርም ባለሙያው ትዕዛዙን ካልሰጠ ስሪቱ እንደማይለወጥ ልብ ማለት ይገባል።

ከመሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ሦስት ጉዳዮች አሉ።

አንደኛው በሌሊት በራሳቸው ጊዜ የሚነሱ ሥራዎች ናቸው። የመጠባበቂያ ቅጂ ወይም የሪፖርት ማጠናቀሪያ ፕሮግራም በሰዓት ተቀጥሮ ሲነሳ ባለሙያው በመስኮቱ ያደረገውን ምርጫ አያውቅም። ቀን ሲሞከር የሠራው ሌሊት የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም ለእንዲህ ዓይነት ሥራዎችና ለሰርቨር አገልግሎቶች የማስኬጃው ሙሉ አድራሻ በራሳቸው ማዋቀሪያ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ከኮምፒውተሩ ሥርዓት ጋር የመጣውን ፓይተን አለመንካት ነው። በርካታ የሊኑክስ ሥርዓቶች የራሳቸውን የአስተዳደር ሥራ የሚያከናውኑት በዚሁ ፓይተን በመሆኑ፣ እሱን መሰረዝ ወይም በሌላ መተካት ሰርቨሩን እንዳለ ሊያውክ ይችላል።

ሦስተኛው ተጓዳኝ ቤተ መጻሕፍት የሚባሉት አጋዥ ፕሮግራሞች ናቸው። ለአንዱ ስሪት የተጫኑት ለሌላው በቀጥታ ስለማይተላለፉ፣ ዝርዝራቸው ከቁጥራቸው ጋር ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል። የኢንተርኔት መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢም የመጫኛ ፋይሎችን ቅጂ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ጉዳዩ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። ፓይተን 3 በኅዳር 2001 ዓ.ም ቢወጣም፣ የፓይተን 2 ድጋፍ ያበቃው ታኅሣሥ 22 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ለመሸጋገሪያ ከ11 ዓመት በላይ ጊዜ ነበር ማለት ነው። የፒኤችፒ 7.4 ድጋፍም በኅዳር 2015 ዓ.ም አብቅቷል። ድጋፉ ላበቃ ስሪት አዲስ የደኅንነት ክፍተት ቢገኝ ከአዘጋጆቹ ማስተካከያ አይወጣለትም፤ የዜጎች መረጃ የተቀመጠበት ሰርቨር በዚህ ሁኔታ ላይ ከሆነ ደግሞ አደጋው የተገልጋዩም ነው።

ስለሆነም የሥራ ኃላፊዎች አራት ነገሮችን ሊያረጋግጡ ይገባል። መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምባቸው ፕሮግራሞች፣ የሚሠሩባቸው ስሪቶችና የድጋፍ ማብቂያ ቀናቸው በአንድ መዝገብ መስፈር አለበት። ሶፍትዌር ሲገዛ ወይም ሲለማ የስሪቱ ጉዳይና ወደ አዲሱ የማሸጋገር ግዴታ በውል ውስጥ መካተት ይኖርበታል። ማሻሻያ ከሪፖርት ማቅረቢያ ቀናት ውጪ ሊከናወን፣ አስቀድሞም በሙከራ ሰርቨር ላይ ሊፈተሽ ይገባል። በመጨረሻም አሮጌው ስሪት የሚወገድበት ቀን ተቆርጦ ሊታወቅ ያስፈልጋል።

ይህ መዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መዝገቡ ካለ ግን ባለሙያው ቢዛወር ወይም ሥራ ቢለቅ ተተኪው የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ስሪት እንደሚሠራ ሳይቸገር ያገኘዋል፤ ሪፖርቱም በቀኑ ይደርሳል፣ ተገልጋዩም «ሲስተም የለም» ተብሎ አይመለስም።